ፈተና ላይ የቀረ እውቀት

ባለፈው ክረምት ለቤተሰብ ጉዳይ ከሚሴ ሄጄ ያረፍኩት አንዲት እናት ቤት ነበር። የላማቸው ወተት መሮባቸው ተቸግረዋል። ጎረቤቱ «የሰው ዓይን ነው» ይላል። ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ልጃቸው በረንዳው ላይ ሆኖ ወሬውን ሲሰማ ቆየና፣

«እማዬ፣ ፓርቲኒየም በልታ ነው፤ ያ መንገድ ዳር የሚበቅለው ነጭ አበባ። ከብት ሲበላው ወተቱን ያመረዋል» አላቸው።

«ይህን እያወቅህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈተና ላይ ነበር የመጣው» ብሎ አንገቱን ደፋ።

ሳቅን። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አላስቀኝም። ስንቱ እውቀት ፈተና ላይ ቀርቶ ይሆን?

ዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኤፍ ኤም 99.4፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በኤፍ ኤም 91.5 የማኅበረሰብ ሬዲዮ አላቸው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። የ1999ኙ የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533 ለማኅበረሰብ ሬዲዮ በሩን ከፍቷል። እንዲህ ያለው ጣቢያ ለትርፍ የቆመ አይደለም፤ ስለዚህ ከማስታወቂያ በፊት የአድማጩን ችግር ማስቀደም ይችላል።

ማሰራጫ መትከል ብቻውን ግን አይበቃም። ለከሚሴ ቅርብ የሆነው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎቹ ደሴና ኮምቦልቻ ናቸው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ከሚሴ ደግሞ ከ1,500 ሜትር በታች ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ሲጋርደው ይዳከማል። በቦርከና ሸለቆ ለሚኖር ሰው በሸለቆው በኩል የሚያቀብል ማሰራጫ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። የዞኑ ልጆች በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ እናቶቻቸውም ከብቱን የሚጠሩት በዚያው ነው። የከብት ምክር ከአማርኛው ጎን በአፋን ኦሮሞ ካልተነገረ የሚመለከታቸው ሰዎች ጆሮ አይደርስም።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ነው። ለእናቶች የተዘጋጀ ፕሮግራም በእነዚህ ቀናት ረፋድ ላይ ቢተላለፍ ማን ይሰማዋል? ማታ፣ እራት ተበልቶ ቤቱ ሲሰበሰብ ቢደገም ግን አባትም ልጅም አብረው ይሰሙታል። ሬዲዮ ባይኖር እንኳ ኤፍ ኤም የሚይዝ ተራ ስልክ አይጠፋም፤ ካርድም አያስጨርስ።

እስከዚያው ግን ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ለእረፍት ሲመጣ «ስንት አመጣህ?» ብቻ አትበሉት። «ምን ተማርክ? ለእኛ የሚሆን አለው?» በሉት።

እኚያ እናት ላሟን ከመንገድ ዳር አራቋት። ልጁም እጁን በጨርቅ ሸፍኖ፣ አረሙ ቆዳ ያሳክካልና፣ ገና ያላበበውን ከጓሮው ነቀለ። ስመለስ የቀረበልኝ ወተት አይመርም ነበር።