ጋቢ ያልጫነ መኪና

እኩዮቼ፣ ሰኔ ገብቷል። ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው ለወጣት ሹፌሮች አይደለም። ከጎናቸው ተቀምጠን «ንዳው እንጂ ልጄ፣ መሸ!» ለምንለው ለእኛ ለሽማግሌዎች ነው።

አንድ ክረምት ከደባርቅ ማዶ ገጠር ለቅሶ ደርሰን በሚኒባስ ስንመለስ ጅረቱ ሞልቶ ጠበቀን። የመጨረሻ ልጄ እኩያ የሆነው ሹፌር ሞተሩን አጠፋና «አባባ፣ ትንሽ ብንጠብቅስ?» አለኝ። ሰዓቱ ወደ 11 ተጠግቷል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መኪናው ውስጥ የምንደርበው ጨርቅም የምንቀምሰው እህልም የለም። «ስንት ክረምት የተሻገርሁት ወንዝ ነው፤ እለፍ!» አልሁት። ሽማግሌ ነኝና እምቢ ማለት አልቻለም።

መሐል ስንደርስ ሞተሩ ውሃ ጠጣና ጸጥ አለ። ከዚያ ጎማው መሬቱን ሲለቅ ከመቀመጫዬ ሥር ተሰማኝ። የተኛ ሕፃን እንደሚያነሳ ሰው፣ በቀስታ ነበር ያነሳን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ተረት የገባኝ ያን ዕለት ነው። ከብት ሲመልሱ የነበሩ ገበሬዎች መጫኛ ቀጣጥለው ባይደርሱልን ኖሮ ታሪካችን እዚያው ያበቃ ነበር። ዳር ወጥተን ስንንቀጠቀጥ፣ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጅረቱ ጎድሎ ቁርጭምጭሚት የማያልፍ ሆነ። ልጁ ውሃውን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም አልተናገረም።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አሰብሁት። ያስቸኮለኝ ብርዱና ረሃቡ ነው። ጋቢና አንድ ቋጠሮ በሶ ቢኖረን ኖሮ ያቺን ሰዓት እየተጨዋወትን እንጠብቃት ነበር። ማደሪያ የያዘ ሰው አይቸኩልም። ስለዚህ ክረምት ሲገባ መኪናችሁን ለማደርም አሰናዱት።

የደጋ ጅረት ፈጥኖ ይሞላል፤ ፈጥኖም ይጎድላል። እኛ ያለንበት ባይዘንብም ላይኛው ተራራ ላይ የወረደው ዶፍ ይመጣል። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወራጅ ውሃ ትንሽ መኪና ለማንሳት ይበቃል፤ 60 ከደረሰ ላንድክሩዘሩም አይቀርለትም። የአምናው መሻገሪያ ዘንድሮ ሥሩ ተቦርቡሮ ይሆናል፤ ከደፈረሰ ውሃ በታች ያለውን ማንም አያይም። የክረምቱ ዝናብ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ በጠዋት መነሳት ግማሽ መድኃኒት ነው።

ቦሎ ስለተለጠፈ መኪናው ደህና ነው አትበሉ። ዝናብ መጥረጊያው በበጋው ፀሐይ ደርቆ እንደተሰነጠቀ የምናውቀው ኮሶዬ ላይ ጉም ሲውጠን ነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ አይጨብጥም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርቦ የሠራውን የሊማሊሞን ቁልቁለት ፍሬን ረግጦ የሚወርድ፣ የፍሬን ሸራው ሲሸት ያን ጊዜ ይነቃል። የሚወረደው በከባድ ማርሽ ነው። ክሪክ ስትይዙ ወፍራም ጣውላም ያዙ፤ ጭቃ ላይ መኪናው ሳይነሳ ክሪኩ ይሰምጣል። ገመድ፣ አካፋ፣ የእጅ ባትሪ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ጋቢ፣ ዳቦ ቆሎና ውሃ ይኑር። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ በቧሂት በኩል ወደ ጃናሞራ የሚሄደው መንገድ ደግሞ ከ4,000 ያልፋል። እዚያ ቀን የዘነበበት ሰው ሌሊቱን በእርጥብ ልብስ አያነጋም። ብርዱን ፈርታችሁም መስኮት ዘግታችሁ ሞተር እንዳሠራችሁ አትተኙ፤ ከሰልም አታስገቡ። ጭሱ ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ብልሽት ሲያቆመን ድንጋይ ደርድረን፣ ቅጠል ጥለን ምልክት እናደርጋለን፤ ደግ ነው። ስንነሳ ግን ድንጋዩን አስፋልት ላይ ትተነው እንሄዳለን። በጉም ውስጥ ያ ድንጋይ የሌላ ሰው ሞት ነው። አንሱት።

መሬት የተናደበት ስትደርሱ ለማየት አትውረዱ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ውስጥ ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ናቸው። በዚያው ክረምት የእኛው ጠለምትም በናዳ አልቅሷል። አንዴ የተናደ ገደል ይደግማል። ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ተከትሎ የሚመጣውንም አስቁሙ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን። የእኛ ቅጠል አፋችን ነው። ሹፌሩ ያከብረናል፤ ስናስቸኩለው ይቸኩላል። ከመነሳታችሁ በፊት «ውሃ ካየህ ቁም፤ ለቅሶውም ተዝካሩም ይቆየናል» በሉት። ይህን ካልነገርነው የሚመጣው ደም በእጃችን ነው።

ያ ልጅ ዛሬም ይነዳል። ባለፈው ክረምት ሊወስደኝ መጥቶ በሩን ከፈተልኝና፣ ቁልፉን ሳያዞር «አባባ፣ ጋቢዎን ይዘዋል?» አለኝ።