ቆሽት የሚያሳርር ወሬ

«ቆሽቴን አሳረረው» እንላለን። ቆሽት የት እንዳለና ምን እንደሚሠራ ግን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። እኔም ብሆን የማወቅ ግዴታ የመጣብኝ አንድ የተማረ ሰው የእኔን ካሳረረው በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቷል። ከጠጪዎቹ አንዱ ስልኩን እየነካካ «ጉድ ስሙ!» አለ። «ፈረንጆቹ ስኳር በሽታን በአሳማ ቆሽት ሊያክሙ ነው። ከእንግዲህ ስኳር ያለበት ሁሉ ጭቃ ውስጥ መንከባለሉ ነው!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ያልሳቁት አክስቴ ብቻ ናቸው። ኢንሱሊን መውጋት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል።

«ይሄ እኔ የምወጋውስ?» አሉ ቀስ ብለው።

ሰውዬው አላመነታም። «እሱማ ድሮም ከአሳማ ነው፣ እትዬ!» እንደገና ተሳቀ። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ፈገግ ብያለሁ።

በአሥረኛው ቀን አክስቴ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። ለካ መርፌውን ለማንም ሳይናገሩ ትተውት ኖሯል። «በጾም አሳማ ልወጋ እንዴ?» አሉ በኋላ ሲጠየቁ። ተርፈዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የእኔ ቆሽት ግን እስካሁን አልበረደም።

እስቲ ቀልዱን ትተን እውነቱን እናውራ። ኢንሱሊን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ ነው። በጃንዋሪ 1922 ሞት አፋፍ ላይ ለነበረ የ14 ዓመት ልጅ ከከብት ቆሽት የተቀመመው ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ ብዙም አልጠቀመውም፤ በደንብ አልጠራም ነበርና። ከ12 ቀን በኋላ ይበልጥ ተጣርቶ የመጣው ነው ከሞት የመለሰው። ከዚያ ወዲህ ለ60 ዓመት ያህል የዓለም ሕመምተኛ ሲወጋ የኖረው ከቄራ ከተሰበሰበ የከብትና የአሳማ ቆሽት የወጣውን ነው። የአሳማው ኢንሱሊን ከሰው የሚለየው ከ51 አሚኖ አሲዶች በአንዱ ብቻ ነው።

በ1982 ግን የሰውን ዓይነት ኢንሱሊን በባክቴሪያ እያመረቱ መሸጥ ተፈቀደ። ዛሬ ገበያውን የያዘው በባክቴሪያና በእርሾ የሚመረተው ነው። አክስቴ ብልቃጥ ውስጥ አሳማ የለም። ሰውዬው ያወራው 40 ዓመት ያለፈውን ወሬ ነው።

ታዲያ አሁን በአሳማ የሚሞከረው ምንድን ነው? ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩት የሴል ክምችቶች «ደሴቶች» ይባላሉ። ከጠቅላላው ቆሽት 2 በመቶ ቢሆኑ ነው። የተረፈው በአብዛኛው ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ የሚያመነጭ ነው። ደሴቶቹን ከዚህ ለይቶ አጥርቶ ለታማሚ መትከል ነው ሙከራው።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። የወጣው ቆሽት ወዲያው መቀዝቀዝ አለበት፤ አለዚያ የገዛ ፈሳሹ ይበላዋል። ከዚያ ኮላጂኔዝ የሚባል ኤንዛይም በቱቦው ይገባና ሙቀት ውስጥ እየተናጠ ሥጋው ይላቀቃል። ቶሎ ካቆሙት ደሴቶቹ አይፈቱም፤ ከዘገዩ ይፈረካከሳሉ። የትልቅ አሳማ ደሴት በተለይ ተሰባሪ ነው። የግልገሉ ጠንከር ይላል፤ ግን ገና ጥሬ ስለሆነ እስኪበስል መጠበቅ አለበት። በመጨረሻ ደሴቶቹ መጠነ ክብደታቸው ቀለል ስለሚል ልዩ ፈሳሽ ውስጥ እየተሽከረከሩ ከቀሪው ይለያሉ። ዲቲዞን የሚባለው ቀለም ሲነካቸው ይቀላሉ፤ ያን ጊዜ ምን ያህል እንደጠሩ በማይክሮስኮፕ ይታያል። እናቱ ጤፍ በሰፌድ ስታበጥር ያየ ሰው ይገባዋል። ልዩነቱ ይሄኛው እህል እጅ ላይ የሚሞት መሆኑ ነው።

«ለምን የሰው አይተክሉም?» ትሉኝ ይሆናል። ይተክላሉ። በ2000 የካናዳ፣ ኤድመንተን ሐኪሞች 7 ሕመምተኞችን በሰው ደሴት ከኢንሱሊን መርፌ እንዳላቀቁ አሳወቁ። ነገር ግን ለአንድ ታማሚ ቢያንስ የሁለት ሟቾች ቆሽት አስፈልጓል። ለስንቱ ይዳረሳል?

እኔ የአሳማው ሕክምና ደርሷል አልልም። በ1994 የስዊድን ሐኪሞች የአሳማ ፅንስ ደሴቶችን ለ10 ሰዎች መትከላቸውን ጽፈው ነበር፤ ከመርፌ የተላቀቀ ግን አልተገኘም። የሰው አካል ባዕድ ሥጋን ይዋጋል። ቫይረስም አለ፤ በጃንዋሪ 2022 አሜሪካ ውስጥ የአሳማ ልብ የተተከለላቸው ሰው ሁለት ወር ኖረው አረፉ፤ በአካላቸውም የአሳማ ቫይረስ ምልክት ተገኝቷል። ስለ ርኩስና ንጹሕ የሚጠይቅ ካለ፣ ጥያቄው ይኸውላችሁ! በሽታ የሌለበት አሳማ እንዴት ይራባል? ደሴቱስ ምን ያህል ጠራ? የተማረ ሰው ቡና ላይ ቢጠይቅ የሚያምርበት ይሄ ነበር።

«እኛ እኮ የምንጠየፈው በእምነታችን ነው» የሚለኝም ይኖራል። አከብራለሁ። ከአሳማ በመራቅ የሚታወቁት እስልምናና የአይሁድ እምነት እንኳ ነፍስ ለማዳን ግድ ሲሆን ክልክሉ እንደሚላላ ሊቃውንታቸው ያስተምራሉ። ይሄም ቢነገረው አልፈልግም የሚል ሰው መብቱ ነው። ግን አልፈልግም ለማለትም እውነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። አክስቴ «አልፈልግም» ብለው ሊሞቱ የነበረው ስለሌለ ነገር ነው። ደግሞስ ያ ሰው የተናገረው መቼ ለእምነቱ ተቆርቁሮ ነው? ሊያስቀን ብሎ ነው እንጂ! እኛም ስቀንለታል።

የተማርን ነን የምንል ሰዎች ትልቁ በሽታችን ይሄ ነው። ግማሹን አንብበን ሙሉውን እናወራለን። ሰዎቹ አንዲት ደሴት ለማጥራት ዕድሜያቸውን ይፈጃሉ፤ እኛ አንዲት ወሬ ለማጣራት አምስት ደቂቃ የለንም። ያልተማረ ሰው ቢሳሳት ራሱን ይጎዳ ይሆናል። እኛን ግን ሰው ያምነናል። «የተማረ ልጅ ነው፣ ያውቃል» ብሎ መርፌውን ያስቀምጣል።

ባለፈው እሑድ አክስቴን ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ብልቃጧን ከፍሪጅ አውጥተው አሳዩኝ።

«እውነት አሳማ የለበትም?»

«የለበትም፣ እትዬ።»

ትንሽ ዝም አሉና፣ «ቢኖርበት ኖሮስ ትነግረኝ ነበር?» አሉ።

«እነግርዎት ነበር። ነግሬም ይውጉ እልዎት ነበር።»

«እንግዲያው ያን ቀን ለምን ዝም አልክ?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።