ቅጠል የተሳለበት ጠርሙስ

የዛሬ ልጆች ሻምፖ ሲገዙ መጀመሪያ የሚፈልጉት ጠርሙሱ ላይ የተሳለውን አረንጓዴ ቅጠል ነው። እኛ ወላጆች ደግሞ ዋጋውን እናያለን። «ምን አግኝታችሁበት ነው?» ብዬ እዚህ መቐለ የማውቃቸውን ወጣቶች ጠይቄ ነበር። ስለ አካባቢ ጥበቃ በማንሳት የጀመረልኝ ማንም የለም። አንዷ ፀጉሯ እየረገፈ አስቸግሯታል፤ ሌላዋ የጓደኛዋ ፊት ጠርቶ አይታለች፤ አንዱ ቲክቶክ ላይ ተመልክቶ ነው። የፕላስቲኩና የወንዙ ነገር ኋላ ይመጣል። ሲመጣ ግን ከልባቸው ነው፤ ባዶውን ጠርሙስ የሚሞላላት ሱቅ ቢኖር ከዚያ ብቻ እንደምትገዛ የነገረችኝ አለች።

በዚህ ልንወቅሳቸው አይገባም። ለቆዳው ብሎ የጀመረ ለወንዙም ማሰቡ አይቀርም። እኔን የሚያሳስበኝ ቅጠሉን ማንም ማሳተም መቻሉ ነው። ፊት ያፈካሉ ተብለው ከሚሸጡ ክሬሞች መካከል ሜርኩሪ የተገኘባቸው አሉ፤ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ማን እንደሠራውና ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ክሬም፣ አሥር ቅጠል ቢሳልበትም እኔ ቤት አይገባም።

ለልጆቻችን የምንነግረው የራሳችን ታሪክም አለን። እንዶድን፣ እኛ ሽብቲ የምንለውን፣ ያውቁታል፤ በከበባው ጊዜ ሳሙና ጠፍቶ ሲወደድ ብዙ ቤት ወደ እሱ ተመልሶ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማን ግን ብዙዎቹ አያውቋቸውም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያ ወደ ሰው የሚደርሰው በቀንድ አውጣ በኩል ነውና ነገሩን ተከታትለው አጠኑት። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት።

ይህን ስነግራት ልጄ፣ «እንዴ! ተፈጥሯዊ ነገርም ይገድላል ማለት ነው?» አለችኝ። ይገድላል እንጂ! እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ፍሬው ቢበላ ሰውንም ይመርዛል። ይህ ጨዋታ ከብዙ ቁጣ የበለጠ ሠራልኝ። አሁን ሱቅ ስትገባ ጠርሙሱን ገልብጣ ከበስተጀርባ ያለውን ታነባለች፤ ታጥቦ ስለሚሄደው ውሃም ታስባለች። ያልገባትን ባለሱቁን ትጠይቃለች፤ መልስ ካጣች ዕቃውን መልሳ ታስቀምጣለች።

አያቷ ይህን ሁሉ ድካም አይረዱትም። ለጥርስ የወይራ መፋቂያ፣ ለፀጉር ቅቤ እያለ ምን ያንከራትታታል ይላሉ። ሁለቱም ጠርሙስ የላቸውምና ልጄ በመፋቂያው ተስማምታለች። ቅቤውን ግን ቅዳሜ ማታ ብቻ ትቀባለች፤ በሽታው ገና ከአያቷ ጋር አልተግባቡም።