ዕረፍት ለማን ነው?





እኔ በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ከትምህርት በኋላ በሜዳው ላይ ኳስ የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ናቸው። ሴቶቹ ግን ደብተራቸውን አስቀምጠው ውሃ ይቀዳሉ፤ ኩበት ይለቅማሉ፤ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። በበዓል ቀን ሞፈርና ቀንበር ይሰቀላል፤ ባላገሩም ጠላውን እየጠጣ ይጫወታል። ጠላውን የጠመቀችው፣ እንጀራውንም የጋገረችው ሴት ግን ያን ቀን ሥራው ከሌላው ቀን ይልቅ ይበዛባታል። አበው በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይላሉ። እውነት ነው፤ ለአንድ ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሩር ይጋፋሉ። የሀብትና የማዕርግ አጥር እንኳ በሚፈርስበት ቀን የሴቲቱ አጥር ሳይነካ መቅረቱ ያሳዝናል።

የከተማ አንባብያን ይህን የባላገር ነገር ነው ብለው እንዳያልፉት እፈራለሁ። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ወጥተው በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ በቤት ሠራተኝነት የሚያድሩ ልጃገረዶች አሉ። የመንግሥት ሠራተኛው የሳምንቱን ሥራ ጨርሶ እሑድ ያርፋል፤ ዘመድ ይጠይቃል፤ ጋዜጣ ያነባል። ቡናውን የምታፈላለት ልጅ ግን ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዲቱ ዓመት ሙሉ አንድ እሑድ እንኳ የራሷ እንዳልነበራት አጫውታኛለች።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለሠራተኛ ዕረፍትና የመዝናኛ ጊዜ ይፈቅዳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ለትርፍ ያልሆነውን የግል አገልግሎት ከዚህ ውጭ አድርጎታል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 እንኳ የሰንበት ዕረፍት ለቤቱ ጌታ ብቻ ሳይሆን ለሴት አገልጋዩም ጭምር ታዟል።

አንዳንድ ሰው፣ «የቤት ሠራተኛ እንደ ቤተሰብ ናት» ይል ይሆናል። እንደ ቤተሰብ ከሆነች እንደ ቤተሰብ ትረፍ!

ስለዚህ የሚመለከታቸው ባለ ሥልጣኖች ለቤት ሠራተኞች የሥራ ሰዓትና የዕረፍት ቀን እንዲወስኑላቸው አሳስባለሁ። ደንቡ እስኪወጣ ግን የእሑድን ግማሽ ቀን ለመፍቀድ ማንም አዋጅ መጠበቅ የለበትም። እኛም መምህራን በሳምንት ሁለት ቀን ሜዳውን ለሴቶች ልጆች እንለይ፤ ወላጆችም ወንድ ልጃቸውን ውሃ ቢያስቀዱት የሚቀርባቸው ክብር የለም።

አንድ መምህር
ከመንዝ