ሁሉም «ስደተኛ»?

አንድ የአማርኛ ጋዜጣ «ስደተኞች ወደ አገራቸው ተመለሱ» የሚል ርእስ ቢያወጣ አንባቢው ምን ይረዳል? ከጋምቤላ መጠለያ ወደ ደቡብ ሱዳን የተመለሱ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከሪያድ ተሳፍረው ቦሌ የደረሱ የቤት ሠራተኞችም ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹ ያለ ፈቃዳቸው ተመልሰው ከሆነ የዓለም አቀፍ ሕግ ተጥሷል፤ ሁለተኛዎቹን መቀበል ግን መንግሥት ለዜጎቹ ያለበት ግዴታ ነው። የእንግሊዝኛው ጸሐፊ እዚህ ላይ «ሬፊዩጂ» ወይም «ማይግራንት» ብሎ መምረጥ ይገደዳል። የአማርኛው ጸሐፊ ሁለቱንም፣ «አሳይለም ሲከር» የሚባለውን ሦስተኛውንም ጨምሮ፣ «ስደተኛ» ብሎ ያልፋል። ይህን የቋንቋ ድህነት ነው የሚሉ አሉ። ድህነት አይደለም፤ ስንፍና ነው።

«ሬፊዩጂ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ የላቲን ሥሩ መሸሸጊያ ማለት ነው። ቃሉ የተለመደው ሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1685 የናንትን ድንጋጌ ሽሮ ፕሮቴስታንቶቹን ሁጉኖች ባሳደደ ጊዜ፣ ከፈረንሳይ ለሸሹት መጠሪያ ሆኖ ነው። «ማይግራንት» ግን ከቦታ ቦታ መዛወርን ከሚያመለክት የላቲን ግስ የወጣ ነው። ማን እንዳባረረው፣ ከምን እንደሸሸ አይናገርም። በየዓመቱ አህጉር የሚያቋርጡ ወፎችም በዚሁ ስም ይጠራሉ።

ሕግ ይህን ልዩነት ይዞ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1951 በጄኔቫ የጸደቀው ስምምነት «ሬፊዩጂ» የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት እሳደዳለሁ ብሎ በበቂ ምክንያት የሚፈራውን፣ ከአገሩም ውጭ ያለውን ሰው ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን አሰፋው፤ የውጭ ወረራን፣ ወይም የሕዝብን ሰላም በብርቱ የሚያናጋ ሁኔታን የሸሸውንም ጨመረበት። ያ ስምምነት የተፈረመው አዲስ አበባ ላይ ነው። የአማርኛ ጋዜጦች በሚታተሙበት ከተማ ማለት ነው።

ለመሆኑ አማርኛው ራሱ ምን ይላል? ሰደደ፣ ተሰደደ፣ አሳደደ፤ ሥሩ አንድ ነው። አሳዳጅ ከሌለ ተሳዳጅ የለም። እንግሊዝኛው «ሬፊዩጂ» ሲል የሚያየው የሚጠለልበትን ነው፤ አማርኛው «ስደተኛ» ሲል የሚያየው ያባረረውን ነው። የጄኔቫው ስምምነት የሚመረምረው ደግሞ ይህንኑ፣ ማን አሳደደው የሚለውን ነው። እንግዲህ አማርኛ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለሕጉ የቀረበ ቃል ይዞ ሳለ፣ ይህን ቃል ለሥራ ፍለጋ ለወጣው ሁሉ ማደል ምን የሚሉት ቸርነት ነው?

ጎረቤቶቹ እንዲህ አላደረጉም። ስዋሂሊ ከመሮጥ «ምኪምቢዚ»፣ ከቦታ ለቅቆ ከመሄድ «ምሃሚያጂ» ብሎ ይለያል። ዓረብኛ «ላጂእ» እና «ሙሃጂር» ይላል። ኢስትሌይ ውስጥ ሻይ የሚሸጥ ሰው በየቀኑ የሚሰማውን ልዩነት የአዲስ አበባው አርታዒ አላገኘሁትም ቢል ማን ያምነዋል? ፈለሰ፣ ፍልሰት፣ ፍልሰተኛ የሚሉት ቃላት አሉ። ባለሙያዎች «ፍልሰት» የሚለውን በየጥናቱ ይጽፉታል፤ ሰውዬው ጋ ሲደርሱ ግን ተመልሰው «ስደተኛ» ይሉታል። (ከዚሁ ሥር ወጣ የሚባለው «ፈላሻ» ለቤተ እስራኤል ስድብ ሆኖ መኖሩ አይካድም፤ «ፍልሰተኛ» ግን ያን ጠባሳ አልተሸከመም።)

የሚቃወሙት ወገኖች ክርክር ቀላል አይደለም። ረሀብም ጥይትም ገዳይ ነው፤ በረሃ ላይ በውሃ ጥም ለሚሞት ሰው የስም ልዩነት ምን ይፈይዳል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 የአልጀዚራ የእንግሊዝኛ ክፍል በሜዲትራንያን ባሕር የሚሻገሩትን «ማይግራንት» ማለት እንደሚያቆም፣ እንደ አግባቡም «ሬፊዩጂ» እንደሚል ያስታወቀው ቃሉ ሰውን ከሰውነት ተራ የሚያወጣ ሆኗል ብሎ ነበር። ውሳኔው ከቅን ልብ የመነጨ ነው። ነገር ግን «ማይግራንት» የሚለውን ስም ለተሳዳቢዎቹ ለቅቆ መሸሽ፣ በዚያ ስም በትክክል የሚጠራውን ሰው ያለ ጠበቃ መተው ነው። ደግሞም ሕጉ የሚለካው የመከራን ክብደት አይደለም። የሚጠይቀው ዕዳው የማን ነው ብሎ ነው። ስደተኛውን አገሩ ክዳዋለች፤ ስለዚህ ዕዳው ወደ ሌላ አገር ተላልፏል። ፍልሰተኛዋን አገሯ አልካደቻትም፤ ስለዚህ ውሏን የማስከበር ዕዳ አሁንም የአገሯ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ እያወረዱ ጥለዋቸው ሄዱ። ሴቶቹ ስደተኞች ቢሆኑ ኖሮ ያ ደጅ የመጨረሻ መሄጃቸው በሆነ ነበር። ፍልሰተኛ ሠራተኞች በመሆናቸው ግን የመጀመሪያ መብታቸው እዚያ ነበረ። «ምስኪን ስደተኞች» የሚለው ዜና እንባ ያስፈስስ ይሆናል እንጂ ቆንስሉን አይጠይቅም። በሌላ በኩል በስደተኝነት የተመዘገበ ሰው ኤምባሲው ሄዶ ፓስፖርቱን ቢያሳድስ፣ ወደ አገሩ ጥበቃ ተመልሷል ተብሎ ስደተኝነቱ ሊቀርበት ይችላል።

ሦስተኛው ቃል የባሰ ዕጣ ገጥሞታል። «አሳይለም» በግሪክ ሥሩ ማንም እጁን የማያነሣበት ስፍራ ማለት ነው። አማርኛው «ጥገኝነት» አደረገው። መነሻው «ተጠጋ» መሆኑ መልካም ነበር፤ ዛሬ ግን «ጥገኛ» የሚባለው የሌላውን ጉልበት የሚበላ ነው፤ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ደግሞ ጥገኛ ተውሳክ አለ። አንድ ሰው ገና በሩ ላይ ቆሞ ሳለ በራሱ ቋንቋ ተውሳክ ተባለ። በአማርኛው ብሉይ ኪዳን ነፍሰ ገዳይ ሳይፈረድበት እንዳይሞት የሚሸሽባቸው ስድስት ከተሞች «የመማጸኛ ከተሞች» ይባላሉ። መማጸኛ ጠያቂ ማለት ማንን ያደናግራል?

ነገሩ በጋዜጣ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። ናይሮቢም ሆነ ካምፓላ፣ በቃለ መጠይቅ ጠረጴዛ ፊት፣ አመልካቹ «ተሰደድኩ» ይላል። አስተርጓሚው ቃሉን በየዜናው እንደለመደው፣ ከቦታ ቦታ ተዛወርኩ ወደሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ይመልሰዋል። አሳዳጁ ከዓረፍተ ነገሩ ወጣ። ማመልከቻው ውድቅ ሆኖ ይግባኝ ቢባል፣ ይግባኝ ሰሚው ፊት የሚቀርበው የእንግሊዝኛው መዝገብ ነው።