ጊዜያዊ ከተባለ የሚነሳበት ቀን ይኑረው

ነርሲንግ ስንማር መጀመሪያ ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ ቀን መጻፍ ነው። ደም ሥር ውስጥ የገባ ካኑላም ሆነ ቁስል ላይ የታሰረ ፋሻ ቀኑ ይጻፍበታል። ቀን ያልተጻፈበት ይረሳል፤ የተረሳ ደግሞ ሊረዳው የገባውን ሰው ይጎዳል።

የላሊበላ መጠለያዎችንም የማየው በዚህ ዓይን ነው። ብዙዎቻችን ፎቷቸውን አይተን «አያምሩም» ብለን እናልፋለን። ነገሩ ግን ከማማር በላይ ነው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከላይ ወደ ታች ከዓለት የተፈለፈሉ ናቸው። ዝናብ በስንጥቆቹ እየገባ ስለሚጎዳቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት መጠለያዎች ከአምስቱ በላይ ተተከሉ። ያኔ «ጊዜያዊ» ነበሩ። ዛሬም «ጊዜያዊ» ናቸው።

እዚያ ጊዜያዊ ነገር ማቆም ከባድ መሆኑን እረዳለሁ። ሌላ ቦታ መሬት ማለት ሕንፃ የሚያርፍበት ነው፤ ላሊበላ ግን መሬቱ ራሱ ሕንፃው ነው። ዙሪያው ዋሻ፣ መተላለፊያና የውሃ መውረጃ ስለሆነ፣ ለምሰሶ ጉድጓድ የቆፈረ ቅርሱን ቆፈረ ማለት ነው። ሳይቆፈር ይቁም ከተባለ ደግሞ ቀላሉን ነፋስ ያነሳዋል፣ ከባዱ ዓለቱን ይጫናል። የከተማው ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 አደባባይ የወጡት ይኸው ክብደት አስግቷቸው ነው።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ መሬቱን አለመንካት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ መነሳቱን ከመጀመሪያው ማቀድ ነው። ማን ያነሳዋል? መቼ? በማን ገንዘብ? እስከዚያስ ከሥሩ ያለው ዓለት ምን ይደረግለታል? ፋሻ ጊዜ ይሰጣል እንጂ ቁስሉን አያድንም።

«ቢነሳስ ዝናቡን ምን ልታደርጊው ነው?» የሚለኝ ሰው ትክክል ነው። አጥንቱ ሳይጠግን ጀሶ አይፈታም። ስለዚህ ነገ ይፍረስ አልልም። ስንጥቁ ይጠገን፣ የውሃ መውረጃው ይጠረግ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይነሳ። ዓለቱን ራሱን መጠገን እንደሚቻል ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል የሠራው ሥራ አሳይቷል።

ሐሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም። ለጥምቀት ታቦቱ የሚያድርበት ድንኳን ሲተከል መቼ እንደሚነሳ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ቦታው የሚመለሰው ለሜዳነቱ ነው።

እኛ ውጭ ያለን ተማሪዎች መሐንዲስ ባንሆንም፣ ለቅርስ አዋጡ ስንባል እናዋጣለን። ገንዘቡን ከመስጠታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ የምትሠሩት ጊዜያዊ ከሆነ፣ የሚነሳበት ቀን የት ተጽፏል?