ፒያሳ ላይ ፋይዳችሁን የሚያወጣው ፕሪንተር ለምን አፕዴት አይደረግም?

ፒያሳ ፋይዳ ፕሪንት ለማስደረግ ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ላይ የቴሌግራም ስልክ ቁጥር ተለጥፏል፤ ከሥሩ የዋይፋይ ፓስወርድ አለ። "ላኩልኝ" ይላል ልጁ፣ ቀና እንኳ ሳይል። ትልካላችሁ፣ ማሽኑ ትንሽ ያጉረመርማል፣ ካርዱ በላስቲክ ታሽጎ ይመጣል፣ ከፍላችሁ ውልቅ።

በዚህ መሃል ስማችሁ፣ ፎቷችሁ፣ የልደት ቀናችሁና የፋይዳ ቁጥራችሁ በሦስት ዕቃ ውስጥ አልፏል፦ በስልካችሁ፣ በሱቁ ኮምፒውተርና በፕሪንተሩ። ስለ ስልካችን ሁላችንም እንጨነቃለን። ለኮምፒውተሩም ቢያንስ አንቲቫይረስ የሚጭንለት አይጠፋም። ፕሪንተሩን ግን ቶነሩ ካላለቀ በቀር ማንም አያስታውሰውም።

ፕሪንተር ግን ኮምፒውተር ነው። ፕሮሰሰርና ሜሞሪ አለው፣ ኔትወርክ ላይ ይገባል፣ ትልልቆቹ ኮፒ ማሽኖች ደግሞ ብዙዎቹ ሃርድ ዲስክ አላቸው። ውስጡ ሆኖ የሚያዘው ሶፍትዌር ፈርምዌር ይባላል። ስልካችሁ "አፕዴት አድርጉኝ" እያለ እንደሚጨቀጭቃችሁ ሁሉ፣ ፈርምዌሩ ላይም የደህንነት ክፍተት ሲገኝ ማስተካከያ ይወጣለታል። ማስተካከያው ወጣ ማለት ግን ማሽኑ ላይ ተጫነ ማለት አይደለም።

ሰሞኑን ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ሱቅ፣ ባለቤቱን አስፈቅደን ሞከርነው። የሱቁን ዋይፋይ ይዘን የፕሪንተሩን አድራሻ በስልካችን ብራውዘር ላይ ጻፍን። የማሽኑ ገጽ ቁልጭ ብሎ ተከፈተ፤ ፓስወርድም አልጠየቀንም። ፈርምዌሩ ዓመታት ያስቆጠረ ነው። አውቶማቲክ አፕዴት የሚለው ቦታ ላይ "ጠፍቷል" ይላል።

ረስቶት መስሎን ነበር። አልረሳውም፤ ራሱ ነው ያጠፋው። ከዚህ በፊት የነበረው ማሽን አፕዴት ከተደረገ በኋላ በርካሽ የገዛውን ካርትሪጅ አልቀበልም ብሎት፣ ሁለት ቀን ሥራ ፈትቶ ነበር። የማሽኑን ብራንድ አንጠራም፤ ከዚያ ወዲህ ግን "አፕዴት" የሚል ነገር ሲያይ ይዘጋዋል። እውነት ለመናገር እኛም በሱ ቦታ ብንሆን ያንኑ እናደርግ ነበር።

ደግሞም ፍርሃቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በጣም የሚታወቀው ምሳሌ ኤችፒ ነው። መስከረም 3 ቀን 2009 ዓ.ም. ብዙ የኤችፒ ኦፊስጄት ፕሪንተሮች በድንገት የሌላ ኩባንያ ቀለም አንቀበልም አሉ። ገደቡ የመጣው ቀደም ብሎ በተላከ የፈርምዌር አፕዴት ነበር። ኩባንያው ለተጠቃሚዎች በቂ ማብራሪያ ባለመስጠቱ ይቅርታ ጠየቀ፣ ገደቡን የሚያነሳ ፈርምዌርም አወጣ፤ አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተበትንም ክስ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ደግሞ የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። አሠራሩ ግን አልቀረም። ኤችፒ ይህን የማደርገው የህትመት ጥራትን፣ የማሽኑን ደህንነትና የአእምሮ ንብረቴን ለመጠበቅ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2023 ላይ ደግሞ በአንድ የተበላሸ አፕዴት ምክንያት የኦፊስጄት ፕሮ 9020 ተከታታይ ማሽኖች ሰማያዊ ስክሪን አሳይተው ቀጥ ብለዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ወሬ እናርም። በእኛ ሰፈር ቋንቋ "የተሞላ" እና "ቻይና" አንድ አይደሉም። ኩባንያው እንደሚለው ገደቡ የሚመለከተው የኤችፒ ቺፕ የሌለውን ካርትሪጅ ነው። ኦሪጅናሉ ካርትሪጅ ከነቺፑ ሆኖ ዱቄቱ ብቻ ከተሞላ፣ አፕዴቱ አይከለክለውም። ስለዚህ ቶነር እያስሞሉ የሚሠሩ ብዙ ሱቆች አፕዴቱን የሚሸሹት በከንቱ ሊሆን ይችላል። አስመስሎ የተሠራ ቺፕ ያለበትን አዲስ ካርትሪጅ የሚገዙት ግን በደንብ ይነካቸዋል።

አፕዴቱ ከተዘጋ ምን ክፍት ይቀራል?

ኅዳር 2014 ዓ.ም. ላይ ኤፍ ሴኪዩር የተባለው የፊንላንድ የሳይበር ደህንነት ኩባንያ ከ150 በላይ የኤችፒ ሞዴሎችን የሚነካ ክፍተት ይፋ አድርጎ ነበር። ችግሩ የነበረው ማሽኑ ፎንት የሚያነብበት ኮድ ላይ ነው። ተንኮል ያለበት ፎንት የተከተተበት ሰነድ ፕሪንት ከተደረገ፣ አጥቂው ማሽኑን ሊቆጣጠር ይችላል፤ ከዚያም ከአንዱ ፕሪንተር ወደ ሌላው በኔትወርክ ሊዛመት ይችላል። ኤችፒ ማስተካከያውን ቀድሞ አውጥቷል። ቢሮ ውስጥ ከሆነ "የማታውቁትን ፋይል ፕሪንት አታድርጉ" ማለት ይቻላል። ለፕሪንት ሱቅ ይህን ምክር ንገሩትማ! የእሱ እንጀራ ከጠዋት እስከ ማታ የማያውቀውን ሰው ፋይል ማተም ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅርብ ነው። ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ራፒድ ሰቨን የተባለው ኩባንያ በብራዘር ማሽኖች ላይ ስምንት ክፍተቶች ማግኘቱን አሳወቀ። ከስምንቱ ቢያንስ አንዱ የሚነካቸው ሞዴሎች 748 ናቸው፤ 689ኙ የብራዘር፣ የቀሩት የፉጂፊልም፣ የሪኮ፣ የቶሺባና የኮኒካ ሚኖልታ። ከሁሉ የከፋው ከ10 ላይ 9.8 የአደገኛነት ነጥብ ተሰጥቶታል። ነገሩ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ነው የሚያናድደው። ፋብሪካው የሚሰጠው የአስተዳዳሪ ፓስወርድ የሚሠራው ከማሽኑ ሴሪያል ቁጥር ነው። ስሌቱን ያወቀ ሰው ሴሪያሉን ካገኘ ፓስወርዱን ማውጣት ይችላል፤ ሴሪያሉን ደግሞ በሌላኛው ክፍተት በኩል ማሽኑ ራሱ ያለ ፓስወርድ ይናገራል።

ሰባቱን ክፍተቶች የሚያስተካክል ፈርምዌር ወጥቷል። ይሄኛው ግን በፈርምዌር ሙሉ በሙሉ እንደማይስተካከል ብራዘር ራሱ አሳውቋል፤ ማድረግ የቻለው አዲስ የሚመረቱትን ማሽኖች አሠራር መቀየር ነው። ቀድሞ የተሸጠው ማሽን ያለው መድኃኒት አንድ ነው፦ የፋብሪካውን ፓስወርድ መቀየር። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፣ ቶነር አይነካም፣ ብር አይጠይቅም።

ሁሉም ሱቅ አደጋ ላይ ነው እያልን አይደለም። ብዙ ትንንሽ ሱቆች ፕሪንተሩን በኬብል ብቻ ከኮምፒውተር ጋር ነው የሚያገናኙት። እንደዚያ ከሆነ በኔትወርክ የሚመጣው አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። ችግር የሚፈጠረው ፕሪንተሩ ደንበኛ ሁሉ በሚገባበት ዋይፋይ ላይ ሲቀመጥ ነው።

እንግዲህ ዋናው ነጥባችን ይሄ ነው፦ ጥፋቱ ባለሱቁ ላይ ብቻ አይደለም። የደህንነት ማስተካከያውና የካርትሪጅ ገደቡ በአንድ ጥቅል ሲላኩ፣ ገደቡን የፈራ ሰው መድኃኒቱንም አብሮ ይጥላል። የሚጎዳው ደግሞ እሱ ብቻ ሳይሆን ፋይዳውን የላከለት ሰው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን የተረዳ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣውና ዋናዎቹ ግዴታዎቹ ከታኅሣሥ 2027 ጀምሮ የሚጸኑት የሳይበር ሕግ፣ በቴክኒክ እስከተቻለ ድረስ የደህንነት አፕዴት ከሌላው አፕዴት ተለይቶ መቅረብ አለበት ይላል። ሕጉ እዚያ ለሚሸጥ አዲስ ዕቃ ነው። እኛ ጋ በዩዝድ ስም የሚመጣው ማሽን ግን አንዳንዴ ፋብሪካው አፕዴት መላክ ካቆመለት የሰነበተ ነው።

እኛም ሕግ የለንም ማለት አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው ዳታ የሚይዝ አካል ደህንነቱን የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል። ግን አዋጁን የፕሪንተሩ አጠገብ ቆሞ ማን ያስረዳ? ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ ብርሃንና ሰላም ሲያትምበት የኖረ አራዳ፣ ከማተሚያ ማሽን ጋር ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል። የፕሪንተር ፓስወርድ የመቀየር ልማድ ግን ገና አልመጣልንም። የመንግሥት ቢሮዎች ማሽን ለመግዛት ጨረታ ሲያወጡ "የደህንነት አፕዴት ለስንት ዓመት?" የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ አቅራቢው ለሱቆቹም መልስ ይዞ መምጣቱ አይቀርም ነበር።

ወደ ሱቁ እንመለስ። ባለቤቱ ፓስወርዱን እዚያው ፊታችን ቀየረው። ራውተሩ የእንግዳ ዋይፋይ የሚባል አማራጭ ስላለው ደንበኞች በዚያ እንዲገቡ አደረገ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውንም ወረቀት ቀየረ። አፕዴቱ ላይ ግን ተከራከርን። ከአምራቹ ድረ ገጽ የሞዴሉን ፋይል አውርደን፣ ስለ ካርትሪጅ የተጻፈ ነገር እንዳለ አብረን አነበብን፤ የለም። እሱ ደግሞ ኦሪጅናሉን እያስሞላ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ከቶነሩ ወገን የሚያስፈራ ነገር አልነበረም።

የቀረው መብራት ነው። ፈርምዌር እየተጫነ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ማሽኑ እስከነጭራሹ ላይነሳ ይችላል፤ ያን ቀን ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ሄዶ መጥቷል። ዩፒኤስ ከጓደኛው ተውሶ እሁድ ሱቁ ሲዘጋ ሊሞክረው ቀጠሮ ይዘናል።